ለቆንስላው የጻፍሁት ስም

በዕድሜዬ ብዙ መጠይቅ ሞልቻለሁ። ተሳስቼ የሞላሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከሁሉ ይልቅ የተጠነቀቅሁበት ነው።

ጣሊያን ከአገር ከወጣ ዐሥር ዓመት አልፎት ነበር። እኔ ጎንደር ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር ነበርሁ፤ ቁስል አጥባለሁ፣ ፋሻ ቀቅዬ አሰጣለሁ፣ ከገጠር የመጣው በሽተኛ የሚለውን ለፈረንጁ ሐኪም አስተረጉማለሁ። ትምህርት ቤት የገባሁት በዐሥራ አራት ዓመቴ ነው። ከሰባትና ከስምንት ዓመት ልጆች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ እያለኝ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ቆጠርሁ። ልጆቹ «እትዬ» ይሉኝ ነበር። መጀመሪያ አፈርሁ፤ በኋላ ለምጄው ስማቸውን ስጠራ እነሱም «አቤት እትዬ» እያሉ የቤት ሥራቸውን ያሳዩኝ ጀመር።

የአገራችንን ፊደል ግን ከዚያ ቀደም ብዬ ቤት ውስጥ ከአባቴ ተምሬዋለሁ። አባቴ ከጎንደር አድባራት በአንዱ መሪጌታ ነበሩ፤ መጽሐፍም ይጽፉ ነበር። ብራና ላይ አንድ ፊደል ከሳቱ ምላጭ አንሥተው ይፍቁታል እንጂ አይሰርዙትም። «የተሰረዘ ስሕተት ሁለት ስሕተት ነው» ይሉኝ ነበር፤ «አንዱ የሳትሽው፣ ሁለተኛው ያሳየሽው።» በሐመሩ «ሐ» የሚጻፈውን በሃሌታው «ሀ» ጽፌ ከተገኘሁ መላውን ገጽ እንደገና እጽፋለሁ። ሰው «ነገር ታጠብቂያለሽ» ይለኛል። አልክድም፤ ከአባቴ የደረሰኝ ርስት ይኸው ነው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ከባሕር ማዶ የመጣች አንዲት ሲስተር ነበረች። አማርኛዋ የተሰባበረ ቢሆንም የምትለውን ታውቅ ነበር። አንድ ቀን ጎን ለጎን ቆመን ፋሻ ስንጠቀልል፣ «ፋሻ ስትጠቀልይ ልታረጂ ነው?» አለችኝ። «ወደ እኛ አገር ሄደሽ ነርስነት ተማሪ።»

«በየት በኩል ልገባ?»

«በሩ ሦስት ነው» ብላ በጣቷ ቆጠረችልኝ። አንደኛው በሠራተኛነት ነው፤ ለዚያ አስቀድሞ የሚቀጥር ሰው ማግኘት፣ ቀጣሪውም ከመንግሥቱ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ሁለተኛው በተማሪነት ነው፤ ትምህርት ቤት ተቀብሎ ደብዳቤ ከላከ ቆንስላው ቪዛ ይሰጣል። ሦስተኛው ጋር ስትደርስ ፈገግ አለች፤ «የዚያ አገር ሰው ማግባት ነው። ይህ ፈጣን ነው።»

«ሦስተኛውን እለፊው» አልኋት።

«እኔም አልፌዋለሁ» አለችና ሁለታችንም ሳቅን።

ሁለተኛውን በር ያዝን። አልጋና ምግብ ከሆስፒታሉ እየተሰጠ፣ ቀን በሽተኛ እያስታመሙ የሚማሩበት አንድ የነርሶች ትምህርት ቤት ነበር። እሷ ጻፈች፣ እኔ ጻፍሁ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተቀብለንሻል የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። ከታች ግን አንድ ነገር ነበረው፦ ቦታው የሚጠበቅልኝ በእኛ አቆጣጠር እስከ ነሐሴ መጨረሻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዬ ከሚቀበሉት ወሰን ያልፋል። ዘግይቶ ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን መቼም አይረሳውም፤ ለእኔ ሁሉም በር የሚከፈተው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ነው።

የዚያን ጊዜ ሰው ወደ ውጭ ሲሄድ ምን ያህል ወረቀት እንደሚያስፈልገው ዛሬ ስናገር የማያምነኝ አለ። ፓስፖርቱ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ለመግባት ቪዛ እንደሚያስፈልግ ሁሉ ከአገር ለመውጣትም ፈቃድ ያስፈልጋል። ለመመለሴ ዋስ ጥሪ ተብዬ አጎቴን ጠራሁ። አጎቴ ፈርመው ሲያበቁ፣ «ካልተመለሰች እኔን ሄደህ አምጣት ሊሉኝ ነው?» ብለው ጸሐፊውን ጠየቁት። ጸሐፊው ቀና ሳይል፣ «ያን ጊዜ ለእርስዎም ሌላ ዋስ እንጠይቃለን» አላቸው። ጎረቤታችን የሆነች ሴት ደግሞ ነገሩን ሁሉ ካስረዳኋት በኋላ፣ «ለመውጣትም ፈቃድ፣ ለመግባትም ፈቃድ። እንግዲህ ዝም ብለው የሚተዉሽ መሐል ባሕሩ ላይ ብቻ ነው በይኛ» አለችኝ።

የደረት ራጅ ተነሣሁ፤ ፈንጣጣም ተከተብሁ። ፒያሳ ያለው ፎቶ አንሺ ሻሼን አስወለቀኝ።

«ጆሮ ካልታየ አይቀበሉም» አለኝ።

«በጆሮዬ ነው የሚያውቁኝ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የሚሰማ ሰው ነው የሚፈልጉት መሰለኝ። ዝም በይ፣ አሁን አትሳቂ።»

ከዚያ መጠይቁ መጣ። በፖስታ ከአዲስ አበባ ከቆንስላው የተላከ፣ መስመሩ የጠበበ ወረቀት ነው። ማንም እንዲያግዘኝ አልፈለግሁም። ሲስተሯ «ሲያልቅ ልየው» ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን ሥራዬ ሳይታረም ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ነበር ምኞቴ። አባቴ መጽሐፍ የሚዘረጉበት አትሮንስ ላይ አስቀምጬ መዝገበ ቃላቴን ከጎኑ አደረግሁ፤ መጀመሪያ በእርሳስ ልሞላ፣ ቀጥሎ በቀለም።

የመጀመሪያው መስመር «ሰርኔም» ይላል። መዝገበ ቃላቱ የቤተሰብ ስም ነው አለኝ፤ የአባቴን ስም ጻፍሁ። ሁለተኛው መስመር «ክርስቲያን ኔም» ይላል። እዚያ ላይ እርሳሴ ቆመ።

ክርስቲያን ማለት ክርስቲያን ነው። ኔም ማለት ስም ነው። የክርስትና ስም።

በእኛ ዘንድ ሰው ሁለት ስም እንዳለው የሚያውቅ ያውቃል። አንዱ እናት አባት ያወጡለት፣ በየደጁና በየገበያው የሚጠራበት የዓለም ስሙ ነው። ሁለተኛው ካህኑ ሲያጠምቀው የሚሰጠው ነው፤ ለጸሎት፣ ለቁርባን፣ በኋላም ለፍትሐት ነው እንጂ ለሌላ አይወጣም። ክፉ የሚያስብ ሰው ያንን ስም ካገኘ ድግምት ይደግምበታል ተብሎ ስለሚፈራ ይደበቃል። የእኔን ስም እናቴ በጆሮዬ የነገረችኝ በሰባት ዓመቴ ነው። «ለነፍስ አባትሽ ካልሆነ ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። እሷ ከሞተች ዓመታት ሆነዋል፤ እኔም ለማንም አልተናገርሁም።

ሦስት ቀን አሰብሁበት። በመጨረሻ ሰዎቹን በልቤ አመሰገንሁ። እነዚህ ሰዎች እንደሚባለው ከሃይማኖት የራቁ አይደሉም አልሁ። የምሄደው ሆስፒታል ነው፤ እዚያ በሽታ ቢይዘኝና ብሞት በማን ስም ሊፈቱኝ ነው? ይህን አስቀድመው አስበውበታል። ስለዚህ በቀለም፣ ፊደል በፊደል እየለየሁ፣ የክርስትና ስሜን ጻፍሁ። የዓለም ስሜን የሚጠይቅ መስመር ፈልጌ አጣሁ። «ፓስፖርቱ ላይ ስላለ ትተውታል» ብዬ፣ ፓስፖርቴን አብሬ ከትቼ ፖስታውን አሸግሁት።

መልሱ የመጣው በሰኔ መገባደጃ ነው። ትሕትና ያለው ደብዳቤ ነበር፤ ሆኖም ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በፓስፖርቱ ላይ ያለችው ሴትና በመጠይቁ ላይ ያለችው ሴት የአባታቸው ስም አንድ ቢሆንም የራሳቸው ስም ልዩ ስለሆነ ሁለት ሰዎች ይመስላሉ፤ በመጠይቁ ላይ ያለችው ማን እንደሆነች ይገለጽልን ይላል። አዲስ መጠይቅ አያይዘዋል። ከእሱ ጋር፣ ከተጠመቅሁበት ቤተ ክርስቲያን ወገን በመጀመሪያው መጠይቅ ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነ የሚያስረዳ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ካልደረሰ ጉዳዩ ይዘጋል።

ደብዳቤውን ለሲስተሯ ሰጠኋት። አንብባ ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል አየኋት።

«ክርስቲያን ኔም እኮ ሰው ሁሉ የሚጠራሽ ስም ነው» አለችኝ።

«ሰው ሁሉ የሚጠራው እንዴት የክርስትና ይሆናል?»

«እኛ ያለን አንድ ብቻ ነው። ስንጠመቅም እሱ ነው፣ ሱቅ ስንሄድም እሱ ነው።»

እውነቱን ለመናገር አዘንሁላት። ወዲያው ግን ለራሴ አዘንሁ፤ ምክንያቱም ይህን ለአባቴ መንገር ነበረብኝ።

አባቴ ብራና በድንጋይ እየፈተጉ ሲያለዝቡ አገኘኋቸው። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋቸው። ድንጋዩን አስቀመጡት።

«ለማን ጻፍሽው?»

«ለቆንስላው።»

«ቆንስላው የነፍስ አባትሽ ነው?»

ድንጋዩን አንሥቼ አቀበልኋቸው፤ አልተቀበሉኝም።

«እኔ የወለድሁሽ እንኳ ከጸሎት በቀር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም» አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ሂጂ አትሂጂ አልልሽም፤ ተምረሻል፣ ዕድሜሽም ደርሷል። ነገር ግን ያ ስም የአንቺ ነው ብሎ ሁለተኛ በወረቀት የሚያሰፍር ደብዳቤ በእኔ እጅ አይወጣም። እሱ ፈረንጅ እጅ ተቀምጦ ሳለም ሂጂ ብዬ ለመመረቅ አፌ አይፈታልኝም።»

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ። ደብዳቤው ከሌለ ቪዛ የለም። ደብዳቤው ካለ ምርቃት የለም። አባቷን ሳታስመርቅ ባሕር የተሻገረች ልጅ እሆናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ፋሻ ስጠቀልል እዚያው አረጃለሁ ብዬም አስቤ አላውቅም ነበር። ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባል የቱን እንደምመርጥ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

የደብሩ ካህናት «ያላየነውን አንጽፍም፤ ያጠመቀሽ ይጻፍ» አሉኝ። ያጠመቁኝ ቄስ በጠላት ጊዜ ከተማውን ትተው ወደ ተወለዱበት ወደ ወገራ የገቡ ናቸው። በሕይወት እንዳሉ የነገሩኝ አባቴ ራሳቸው ናቸው። ቤታቸው ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ መሆኑን ነግረውኝ፣ «የሚሉትን እሳቸው ይበሉ» ብለው ወደ ብራናቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ፈቃድ ተቀብዬ በጠዋት የጭነት ማኪና ያዝሁ። ሐምሌ ገብቶ ነበር፤ ዳገቱን ስንወጣ ጉሙ ከፊት ያለውን ማኪና እስኪሰውር ድረስ ወፍራም ነበር። ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ አድርጌዋለሁ። አምባ ጊዮርጊስ ስወርድ ብርዱ ሌላ ነው። ገብስ የጫነ አህያ የሚነዱ አንድ ሽማግሌ አግኝቼ ጠየቅሁ።

«አያ፣ በጠላት ጊዜ ከጎንደር የመጡት ቄስ ቤት በየት ነው?»

«ምነው፣ ለንስሐ ነው ለዕርቅ?»

«ለወረቀት ነው።»

«ወረቀት» አሉና የአህያቸውን ጀርባ መታ አደረጉት። «ወረቀትና የወገራ ጭቃ አንድ ናቸው፤ እግርሽን አንዴ ካገቡት ጫማሽን ያስቀሩታል። በይ ከኋላዬ ነይ፤ እኔ በዚያው ነኝ።»

እውነትም አንዱን ጫማዬን ሁለት ጊዜ ከጭቃ ጎትቼ አወጣሁት፤ እሳቸውም ሁለት ጊዜ ዞር ብለው «ቆንስላ» ብለው ሳቁብኝ። በመንገድ ላይ ታሪኩን አጫውቻቸው ነበር።

ቄሱን ያገኘኋቸው ጎርፍ ቤታቸው እንዳይገባ በዶማ ቦይ ሲቀድዱ ነው። ልብሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበዋል። ይባርኩኝ ስላቸው መስቀላቸውን ከብብታቸው ፈልገው በጭቃ እጃቸው አሳለሙኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

የአባቴን ስም ነገርኋቸው።

«የመሪጌታው? ያቺ አልቃሻ አንቺ ነሽ?» ዶማቸውን ተደግፈው አዩኝ። «ውኃው ቀዝቅዞብሽ ደብሩን በጩኸት ያናወጥሽው?»

«አሁን ትቻለሁ፣ አባ።»

«ሸጋ። ግቢ እንግዲህ፣ ዝናቡ ሳይደግመን።»

ውስጥ እሳት ነበር። ተቀምጬ ነገሩን ጀመርሁ። ስሜን ለቆንስላ ጻፍሁ ስላቸው፣ «የትኛውን?» አሉ። የክርስትናውን ስል እሳቱን መቆስቆሳቸውን ተዉ።

«ምነው?»

«ጠየቁኝ።»

«የጠየቀሽን ሁሉ ትመልሻለሽ?»

«በመጠይቅ ከሆነ፣ አዎን።»

ሳቁ። «ቁርጥ መሪጌታን» አሉ። «የሆነስ ሆነና አሁን ምን ያስፈራሻል?»

«እኔን የሚያስፈራኝ ቪዛው መቅረቱ ነው። አባቴን ግን የሚያስፈራቸው ስሙ ባዕድ እጅ መግባቱ ነው፤ ድግምት ይሉኛል።»

«እስኪ ልጠይቅሽ፤ ፈረንጁ ያንን ስም አስተካክሎ ይጠራዋል?»

ቆንስላው ውስጥ ያለውን ሰው አላየሁትም፤ ሆስፒታል ያሉትን አሰብሁ። «ወለተ» የሚለውን እንኳ ያለ ሦስት ሙከራ አይወጡትም። «አይችልም» አልሁ።

«ደጋሚ አንድ ፊደል ከሳተ ድግምቱ የሚዞረው በራሱ ላይ ነው ይባላል። ስለዚህ ለሰውዬው እዘኝለት።» ይህን ሲሉ እየሳቁ ነበር፤ ወዲያው ግን ፊታቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ለመሆኑ ማን ብለሽ ጻፍሽ?»

ተጠግቼ በጆሯቸው ነገርኋቸው።

«ማን?»

ደገምሁላቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ የአንቺ አይደለም።»

የሰማሁትን የሰማሁ አልመሰለኝም። እሳቸው ግን ተነሥተው ከግድግዳው ላይ ዳዊታቸውን ከነማኅደሩ አወረዱ። ከጎንደር ይዘውት የወጡት ይህንን ብቻ ነው አሉ። ከመጽሐፉ መጨረሻ ያሉት ባዶ ቅጠሎች ላይ፣ ያጠመቋቸውን ልጆች ሁሉ በደቃቅ ፊደል መዝግበዋል። ዓይናቸው ስለ ደከመ ፈልጊው ብለው ሰጡኝ። ጣቴን በየመስመሩ እያስኬድሁ አነበብሁ። የአባቴን ስም አገኘሁ። «የመሪጌታው ሴት ልጅ፣ በሰማንያ ቀኗ» ይላል፤ የክርስትና እናቴም ስም አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ የእኔ ስም። መጀመሪያው እንደ ብዙዎቹ ሴቶች «ወለተ» ነው። ቀጥሎ ያለው ስም እኔ ከማውቀው ጋር በአንድ ፊደል ይጀምራል፤ መጨረሻው ግን ሌላ ነው። ሌላ ቅድስት፣ ሌላ በዓል።

መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ መስመሩን እንደገና አነበብሁት። በአንድ ፊደል ገጽ ሙሉ የምገለብጥ እኔ፣ የራሴን ስም ተሳስቼ ኖሬአለሁ።

«የክርስትና እናትሽ ጆሮዋ እንዴት ነበር?» አሉኝ ቄሱ።

የክርስትና እናቴን አስታወስሁ። በልጅነቴ ቤቷ ስሄድ ከደጅ ሆኜ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልጮኽሁ ብቅ አትልም ነበር። ተሸክማኝ የቆመች እሷ፣ ስሙን የሰማች እሷ፣ ለአራስ እናቴ የነገረች እሷ። አባቴ ያን ቀን ለአገልግሎት እንፍራንዝ ሄደው ነበር፤ እሳቸውም የሰሙት ከእናቴ ነው።

«ታዲያ እኔ እስከ ዛሬ በሰው ስም ነው የጸለይሁት?»

«ለማን ነው የጸለይሽው?»

«ለእግዚአብሔር።»

«እሱ መጠይቅ አያስሞላም» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ የበራልኝ። ቆንስላው መዝገብ ውስጥ ያለው ስም የእኔ አይደለም። እናቴ አደራ ያለችኝን አልሰጠሁም፤ ልሰጥ ብዬም አልቻልሁም። አባቴ የሚፈሩት ነገር ከመጀመሪያው አልሆነም። አፍሬ ቢሆንም፣ እንደዚያች በሰማንያ ቀኗ እንደ ተጠመቀችው ልጅ አለቀስሁ።

«ትቻለሁ ብለሽ ነበር» አሉኝ ቄሱ፤ ዶሮዋን ከእሳቱ አጠገብ እያባረሩ።

ደብዳቤውን በራሳቸው ቀለምና ብርዕ ጻፉት። «ሐሰት አልጽፍም» አሉ፤ «አልጠይቅዎትም» አልሁ። የሚያስፈልገውም ሐሰት አልነበረም። ይህችን ሴት በሕፃንነቷ ያጠመቅኋት እኔ ነኝ፤ በመጀመሪያው መጠይቅ ላይ የሰፈረው ስም የዓለም ስሟም የጥምቀት ስሟም አይደለም፤ በስሕተት የተጻፈ ነው፤ በአገሩ ሁሉ የምትታወቀው በፓስፖርቷ ላይ ባለው ስም ነው ብለው ጻፉ። ቀለሙ እስኪደርቅ ሳነብበው «ስሕተት» የሚለውን ቃል በሃሌታው «ሀ» ጽፈውት አየሁ። ምላጩ እዚያው አጠገባቸው ነበር። እንዲፍቁት ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ፤ የጭቃ እጃቸውን፣ የደከመ ዓይናቸውን፣ ከዚያም የራሴን መጠይቅ አሰብሁና መልሼ ዘጋሁት። በሕይወቴ አንድ የፊደል ግድፈት አይቼ ዝም ያልሁት ያን ጊዜ የመጀመሪያ ነው።

ስነሣ በሩ ድረስ ሸኙኝና፣ «ይኼኛውንስ ቢጠይቁሽ?» አሉኝ።

«አልመልስም።»

«አሁን ተምረሻል» አሉ።

የምመለስበት ማኪና የገብስ ጆንያ ጭኖ ነበር። ከጆንያው ላይ ተቀምጬ፣ ካፖርቴን ተከናንቤ፣ አጠገቤ የነበረች ሴት የዘገነችልኝን ቆሎ እየቆረጠምሁ ወረድሁ። ዝናቡ ሳያቋርጥ ዘነበ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሴትዮዋ እንኳ «ሠርግ ነው የምትሄጂው?» አለችኝ።

አባቴ ደብዳቤውን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። ቀስ ብለው አነበቡ።

«ስሕተትን ተሳስተው ጽፈውታል» አሉ።

«አይቼዋለሁ።»

«አይተሽ ዝም አልሽ?»

«ዝም አልሁ፣ አባባ።»

ቀና ብለው አዩኝ። እንደገና ዝቅ ብለው አነበቡ፤ «የጥምቀት ስሟም አይደለም» የሚለው ጋር ጣታቸውን አቆሙ። ዳዊቱ ላይ ያየሁትን ነገርኋቸው፤ የክርስትና እናቴንም ጆሮ አነሣሁ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥሁ፤ እየሳቁ ነበር።

«ስለዚህ ፈረንጁ እጅ ያለው የማንም አይደለም።»

«የማንም አይደለም።»

እፎይ ብለው ግድግዳውን ተደገፉ። ቆይተው ግን፣ «እኔስ ይህን ሁሉ ዘመን ማንን ነው ጠብቅልኝ ስል የኖርሁት?» አሉ።

ቄሱ «እሱ መጠይቅ አያስሞላም» ያሉኝን ነገርኋቸው። ከዚያ ተጠግቼ ትክክለኛውን ስም በጆሯቸው አልሁት። ድምፅ ሳያወጡ በከንፈራቸው ብቻ ደገሙት፤ አንድ ፊደል እንዳይስቱ ነው መሰለኝ፣ ሁለት ጊዜ። ወዲያው እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፤ ምርቃቱ ረዥም ስለነበረ እራቱ ቀዘቀዘ።

ቀሪው የእግር ሥራ ነበር። የቄሱ ፊርማ የእሳቸው መሆኑን ቤተ ክህነት በማኅተም አረጋገጠልኝ፤ ሲስተሯ ወደ እንግሊዝኛ በመመለሱ ረዳችኝ። አዲሱን መጠይቅ አንዴ ቁጭ ብዬ ሞላሁት። «ክርስቲያን ኔም» የሚለው መስመር ላይ ገበያ ሁሉ የሚጠራኝን ስም ጻፍሁ። ሳላሽገው ለሲስተሯ ሰጠኋትና፣ «እስኪ እዪልኝ» አልኋት። ዓይኗን አፍጥጣ ካየችኝ በኋላ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ፓስፖርቴ በነሐሴ አጋማሽ ተመልሶ መጣ። ገጹ ላይ ሐምራዊ ማኅተም ተመትቶበታል። ፖስታ ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሜ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ፊደል በፊደል መረመርሁት። ስሜ ልክ ነው። የአባቴ ስም ልክ ነው። የማርመው ነገር ሳጣ ያን ያህል ደስ ያለኝ ጊዜ የለም። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ምነው፣ ጎደለ?» አለኝ።

«አልጎደለም» አልሁት።

የመስከረም ትምህርት ሳይጀመር ደረስሁ። እዚያ አገር ሰውን የሚጠሩት በሁለተኛው ስሙ ነው፤ ማለትም እኔን በአባቴ ስም። በመኝታ ክፍሉ፣ በበሽተኛው አልጋ ዙሪያ፣ ደረጃው ላይ፣ ቀኑን ሙሉ የሚጠራው የአባቴ ስም ነው፤ በጎንደር ደብር ውስጥ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠራው ስም። ለመጀመሪያ ሳምንት ስሙን በሰማሁ ቁጥር አባቴ የገቡ እየመሰለኝ ወደ በሩ እዞር ነበር። ይህንን ጽፌ ላክሁላቸው። «እዚህ ከጠዋት እስከ ማታ የሚጠሩት እርስዎን ነው» አልኋቸው።

መልሳቸው ከሁለት ወር በኋላ ደረሰኝ። ከደብዳቤዬ ያገኟቸውን ሁለት የፊደል ግድፈቶች በሌላ ወረቀት ላይ አርመው ልከውልኛል። ከእሱ በታች እንዲህ የሚል ነበረው፦ «እንግዲያው እኔም ገብቻለሁ ማለት ነው። ያለ ቪዛ መሆኔን ግን ቢጠይቁሽም አትመልሺ።»